እናቴ፣ ጠጇ እና የቦርዶ ቀይ ወይን

ቀድሜ ልናዘዝ፦ ወይን አዋቂ አይደለሁም። ስለ ፈረንሳይ ወይን የሚጽፍ ሐበሻ ሲገኝ «እሱ ደግሞ ፈረንጅ ሆኖ ቁጭ አለ!» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ የጠጅ ቤት ልጅ ነኝ። ቦርዶ የሄድኩት በ2019 ለትምህርት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከወይን ጋር የተዋወቅኩት ደግሞ በፍቅር ሳይሆን በችግር ነው፤ ኪሱ የሳሳ ተማሪ በመከር ሰሞን ወይን ይለቅማል።

በመስከረም ማብቂያ 2021 ከሳንት ኤሚልዮን ከተማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ እርሻ ተቀጠርኩ። ሥራው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ዘለላ በመቀስ መቁረጥ ነው። በሦስተኛው ቀን ወገቤ የራሴ መሆኑን ተጠራጠርኩ። የእርሻዋ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ሁላችንም «ማዳም» እንላቸዋለን። ለቀማው ባለቀ ዕለት ለሠራተኛው ሁሉ ምሳ አበሉንና የራሳቸውን ወይን ከፈቱ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጥሩ ነው። ከምን የተሠራ ነው?»

«ሜርሎ፣ ካበርኔ ፍራን፣ ትንሽ ካበርኔ ሶቪኞን።»

እኔም ሞኝነቴን ይዤ «ንጹሁ የለም?» ብዬ ጠየቅኩ።

ጠረጴዛው ለአፍታ ጸጥ አለና በሳቅ ፈረሰ። ማዳም ብቻ አልሳቁም። «የካቲት ላይ ና፤ ንጹሁን አቀምስሃለሁ» አሉኝ።

* * *

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ለእናንተ ማስረዳት አይከብደኝም። እኛ አገር «ድብልቅ» ስድብ ነው። ቅቤ ውስጥ ሙዝ ይደባለቃል፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ይደባለቃል፣ ማር ውስጥ ስኳር ይደባለቃል፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ ተብሎ ስንት ቀን ወሬ ሆኗል። ገበያ የወጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ንጹህ ነው?» ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይህን ቃል የምፈራበት የግል ምክንያት ነበረኝ።

እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ጠጅ ቤት ነበራት። ትልቅ አልነበረም፤ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ፣ ደንበኛ የሚያውቀው በር፣ ጓሮ የተደረደሩ ጋኖች። ማሯን ከጎጃም ታስመጣ ነበር፤ መስቀል አልፎ አበባው ሲረግፍ የሚቆረጠውን ቢጫውን ማር። አንድ ዓመት ያ ማር ጠፋ። የተገኘውም ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። እናቴ ከጅማ በኩል የሚመጣ ጠቆር ያለ የጫካ ማር ገዛች። ለብቻው ጠጅ ሲጣል ከበድ፣ መረር አለ። ከቢጫው ጋር አንድ ላይ ስትጥለው ግን ወጣለት። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጌሾ እየመዘነች፣ በጭልፋ እየቀመሰች፣ ሁለቱን ማር በስንት ልክ እንደምታደርግ ስታሰላ አይቻታለሁ።

ማሩን ደብቃ አላስቀመጠችም። ሁለት ዓይነት ቆርቆሮ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ነበር። አንድ ደንበኛ እጁን ሊታጠብ ወጥቶ አየው። ከዚያ በኋላ ወሬው በእግሩ ሄደ፦ በመጀመሪያ «ሁለት ማር ትደባልቃለች» ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው «ስኳር ትጨምራለች» ሆነ።

አንድ ቀን ብርሌ ሳቀርብ አንድ የድሮ ደንበኛችን እጄን ያዝ አድርጎ «እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ንጹህ ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አፈርኩ። ጓሮ የቆሙት ሁለቱ ቆርቆሮዎች ፊቴ ላይ መጡ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ሁለት ቃል ናቸው። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሰምታኛለች። ለደንበኛው «ደባለቅኩ እንጂ አልደበቅኩም!» አለችው፤ ለእኔ ምንም አላለችኝም። ከዓመት በኋላ ቤቱ ተዘጋ። የተዘጋው በኔ «እኔ እንጃ» ብቻ ነው አልልም፤ ኪራዩም ነበር፣ የማሩ ዋጋም ነበር። ግን ስለዚያ ቀን ሁለታችንም አንስተን አናውቅም።

* * *

የካቲት 2022 ማዳም ዘንድ ሄድኩ። ጎተራ መሳይ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ሦስት ብርጭቆ፣ አንድ መስመር መስመር ያለበት የመስታወት መለኪያና አንድ ባልዲ ጠበቁኝ። ባልዲው ለመትፋት ነው። የጠጅ ቤት ልጅ በሰው ቤት መጠጥ ሲተፋ አስቡት! ማዳም ግን «የሚውጥ ሰው ከአምስተኛው በኋላ የሚቀምሰው ራሱን ነው» አሉ።

አቀማመሱን እንዲህ አስተማሩኝ። በመጀመሪያ ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጎ ማየት፤ ወጣት ቀይ ወይን ዳር ዳሩ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ እየቆየ ሲመጣ ወደ ጡብ ቀለም። ከዚያ ብርጭቆውን አሽከርክሮ ማሽተት። ከዚያ ጉንጭ ያህል ይዞ አፍ ውስጥ ማዞርና ሦስት ጥያቄ መጠየቅ፦ አፌ ውስጥ ሲገባ ምን አለኝ? መሀል ላይ ምን አለኝ? ከተፋሁት በኋላስ ምን ቀረ? አስተውሉ፤ «እንጆሪ ሸተተኝ፣ ቆዳ ሸተተኝ» የሚለው ገና አልመጣም። ቅርጹ ይቀድማል።

አንደኛው ብርጭቆ ንጹህ ሜርሎ ነበር። ለስላሳ፣ ሞላ ያለ፣ የበሰለ ፕሪም የሚሸት። አፍ ውስጥ ሲገባ ደስ ይላል፣ መሀሉ ክብ ነው፤ ከዚያ ግን ድንገት ያልቃል። ጥሩ ጨዋታ ጀምሮ መጨረሻውን እንደሚረሳ ሰው።

ሁለተኛው ካበርኔ ፍራን። ሽታው ቀድሞ ይመጣል፤ አበባም ቅጠልም አለው። ትኩስነት አለው፣ ሰውነቱ ግን ቀጭን ነው።

ሦስተኛው ካበርኔ ሶቪኞን። እሱን ስቀምስ ፊቴ ተጨማደደ። ጥቁር ፍሬ አለው፣ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፣ ምላስንና ድድን ግን ጥርቅም አድርጎ ያደርቃል። ቆይቶ የጠቆረ ሻይ ወይም ጥሬ ሙዝ አፍን እንደሚይዘው ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ታኒን የሚባለው ነገር ነው፤ ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ ይመጣል። የካበርኔ ሶቪኞን ፍሬ ትንሽ፣ ልጣጩ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ታኒኑ ይበረታል። በደንብ ሳይበስል ከተለቀመ ደግሞ ቁጭ ብሎ ቃሪያ ቃሪያ ይላል።

«እነዚህ ናቸው ንጹሆቹ» አሉ ማዳም። «የቱን ትወስዳለህ?»

ዝም አልኩ። የትኛውም ብቻውን ሙሉ አልነበረም።

መለኪያውን ሰጡኝና «በል አንተ ደባልቅ» አሉኝ። እኔም ፍትሐዊ ልሁን ብዬ ከሦስቱም እኩል እኩል አደረግኩ። ማዳም ቀምሰው ወደ ባልዲው ተፉት። እውነታቸውን ነው፤ ከሦስቱም የባሰ ነበር። ከዚያ እሳቸው ሜርሎ 60፣ ካበርኔ ፍራን 30፣ ካበርኔ ሶቪኞን 10 አድርገው ሰጡኝ። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም፤ ሦስቱንም የምፈልግበት ቦታ አገኘኋቸው። ሽታው ከፍራን፣ ወዙ ከሜርሎ፣ መጨረሻ ላይ የሚቆየው ደግሞ ከሶቪኞን። የሦስቱ አማካይ አልነበረም። አራተኛ ነገር ነበር።

«በሌላ ዓመት ሜርሎው 70 ይሆን ነበር» አሉ። «ያለፈው ሚያዝያ ውርጭ ጎዳው።»

የቦርዶ ድብልቅ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ሜርሎ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ቀድሞም ይበስላል፤ ስለዚህ የሚያዝያ ውርጭ ሲመጣ የሚመታው እሱን ነው። በሚያዝያ 2021 የሆነውም ይኸው ነው። ካበርኔ ሶቪኞን ደግሞ ዘግይቶ ይበስላል፤ ውርጩን ሊያመልጥ ይችላል፣ የመስከረም ማብቂያ ዝናብ ግን ያገኘዋል። ከውቅያኖሱ አጠገብ ያለ፣ ሰማዩ የማይታመን አገር ነው። ያለውን ሁሉ በአንድ ዘር ላይ የሚያስቀምጥ ገበሬ በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ይቀራል። መደባለቅ ከጣዕም በፊት የገበሬ ብልሃት ነበር። በየካቲት 1956 የመጣው ብርድ ብዙ የወይን ተክል ከነሥሩ ሲገድል፣ ማልቤክ የሚባለው ዘር ከዚያ ወዲህ ቦርዶ ውስጥ እንደቀድሞው አላንሰራራም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። «ንጹህ» ብለን የምናከብረው ካበርኔ ሶቪኞን ራሱ ድቅል ነው! በ1997 በታተመ ጥናት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በዘረመል ምርመራ ወላጆቹ ካበርኔ ፍራንና ነጩ ሶቪኞን ብላን መሆናቸውን አረጋገጡ። ከቀይና ከነጭ የተወለደ ነው እንግዲህ። ሜርሎም የካበርኔ ፍራን ልጅ መሆኑ ታውቋል። ብርጭቆው ውስጥ የሚገናኙት ወላጅና ሁለት ልጆቹ ናቸው ማለት ነው። የቤተሰብ ጉባኤ በሉት።

* * *

ጠርሙስ ገዝቶ መሞከር ለሚፈልግ ወዳጅ ትንሽ መንገድ ላሳይ። የቦርዶ ጠርሙስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የቦታው ስም እንጂ የፍሬው ስም አይደለም። ስለዚህ ወንዞቹን ማወቅ ይጠቅማል። ጋሮንና ዶርዶኝ ተገናኝተው ዢሮንድ የሚባለውን ሰፊ ውኃ ይሠራሉ። በግራው ዳር (ፖያክ፣ ማርጎ፣ ሳን ዡልያን፣ ሳንት ኤስቴፍ) ጠጠራማ አፈር አለ፤ ጠጠር ይሞቃል፣ ውኃም አይዝም፤ ዘግይቶ ለሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን ይመቸዋል። በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደረጃ ሲወጣላቸው በቀይ አንደኛ የተባሉት ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ-ብሪዮን በሙሉ በዚህ በኩል ያሉ ናቸው። በቀኙ ዳር (ሳንት ኤሚልዮን፣ ፖምሮል) ሸክላና የኖራ ድንጋይ ይበዛል፤ እዚያ የሚነግሠው ሜርሎ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ከሁለቱም ዳር አንዳንድ ጠርሙስ፣ የዘመኑ ዓመት አንድ የሆነ፣ ጎን ለጎን መቅመስ ነው። አንዱ አፋችሁን ሲያደርቀው፣ ሌላው ሲያለሰልሰው፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ምላሳችሁ ያስተምራችኋል።

ድብልቅ የቦርዶ ብቻ አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ፣ በሮን ወንዝ ታችኛው ሸለቆ፣ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የሚባል አገር አለ፤ የስም ጥበቃ ሕግ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፣ በ1936። ደንቡ በተለምዶ 13 ዓይነት የወይን ዘር ይፈቅዳል፤ ነጮችም አሉበት። ዋናው ግሬናሽ ነው፤ ፀሐይ ይወዳል፣ አልኮሉ ይበረታል፣ ቀለሙ ግን ይሳሳል። ሲራ ቀለምና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ይዞለት ይመጣል። ሙርቬድር ደግሞ ጥቁረትና ጽናት። ከዚያ ወደ ሰሜን ኮት ሮቲ ላይ በሲራ ቀይ ወይን ውስጥ ቪዮኜ የሚባል ነጭ ወይን እስከ 20 በመቶ ድረስ ይፈቀዳል።

በእርግጥ ቡርጎኝ ሄዳችሁ ይህን ብትናገሩ ይስቁባችኋል። ታላላቅ ቀይ ወይኖቻቸው ከፒኖ ኖር ብቻ ናቸው፤ የአንዱን ኮረብታ ልዩነት ከሌላው የሚሰሙትም በእሱ ነው። እነሱም ልክ ናቸው። «ንጹህ» መጥፎ ነው አላልኩም። «ንጹህ» የሚለው ቃል ለብቻው ምስክር አይሆንም ነው የምለው።

* * *

«ታዲያ ድብልቅና ማጭበርበር በምን ይለያል?» ትሉ ይሆናል። እኔም ማዳምን ይህንኑ ጠየቅኳቸው። ፈረንሳዮች ይህን ጥያቄ የመለሱት በጠጅ ቤት ሐሜት ሳይሆን በደም ነው።

ፊሎክሴራ የምትባል ከአሜሪካ የመጣች ተባይ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ በላችው። ፍሬ ሲጠፋ ሰው ወይን መጠጣት አላቆመም፤ በዘቢብ፣ በስኳርና በውኃ የተሠራ «ወይን» ገበያውን ሞላው። በ1889 ወይን ማለት ከትኩስ የወይን ፍሬ ተብላልቶ የሚገኝ ነው የሚል ሕግ ወጣ። አልበቃም። ተክሉ ተመልሶ ምርት ሲትረፈረፍ ዋጋ ወደቀ፤ የደቡብ ገበሬዎችም ጣታቸውን በስኳሩ ወይን ላይ ቀሰሩ። በ1907 ማርስላን አልቤር በሚባል ሰው መሪነት ተነሡ፤ ሰኔ 9 ቀን ሞንፔልዬ ከተማ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። ከቀናት በኋላ ናርቦን ውስጥ ወታደር ተኮሰ፣ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ወር መጨረሻ በስኳርና በውኃ ላይ ጠበቅ ያለ ሕግ ተደነገገ። በ1935 ደግሞ የቦታ ስም ጥበቃ ሥርዓት ቆመ፤ እያንዳንዱ ቦታ የትኛውን ዘር መጠቀም እንደሚችል በጽሑፍ ተወሰነ።

ልብ በሉ፤ እነዚያ ገበሬዎች «አትደባልቁ» አላሉም። የጮኹት ወይን ያልሆነ ነገር ወይን ተብሎ መሸጡን ነው። ሕጉ ስኳሩንና ውኃውን ሲያጠብቅ ሜርሎንና ካበርኔን አብረው እንዲኖሩ ተዋቸው። ለመደባለቁም ቃላቸው «አሳምብላዥ» ነው፤ መሰብሰብ፣ ማገጣጠም እንደማለት። የስድብ ሽታ የለበትም።

ማዳም ይህን ሲያስረዱኝ እኔ የማስበው ሌላ ነበር። ሁለት ቆርቆሮ ማር፣ ፀሐይ ላይ። «ደባለቅኩ እንጂ አልደበቅኩም!» እናቴ ያለ ትምህርት ቤት፣ ያለ መስመር ያለው መስታወት፣ በጭልፋ ብቻ የሠራችው ይህንኑ ነበር። ማር ከማር ጋር። የማሩ ዓመት ክፉ ሲሆንባት የገበሬን ብልሃት ተጠቀመች። እኔ ደግሞ «እኔ እንጃ» አልኩ።

* * *

ለ2023 ገና አገር ቤት ገባሁ። ዝዋይ አጠገብ ካስቴል የሚባለው፣ መነሻው ቦርዶ የሆነ ኩባንያ የፈረንሳይ የወይን ዘሮች ተክሎ በ2014 ወይኖቹን ገበያ ማውጣቱን ታውቃላችሁ። «ሪፍት ቫሊ» ከሚለው አንድ ሜርሎና አንድ ካበርኔ ሶቪኞን ገዛሁ፤ ለየብቻቸው የተጠመቁ። እናቴ ፊት አስቀመጥኳቸውና ስለ ማዳም፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ ሦስቱ ብርጭቆ ነገርኳት።

«እስቲ ቅዳ» አለች። መነጽሯን አደረገች። ጠጅ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ያላየሁትን ፊት አየሁ።

ሜርሎውን ቀመሰች። «ለስላሳ ነው። ወገብ ግን የለውም።»

ካበርኔውን ቀመሰች። «ይሄ ደግሞ ጌሾው በዝቶበታል።»

ማዳም ግማሽ ቀን የፈጀባቸውን ትምህርት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ከዚያ ሳልጠይቃት ባዶ ብርጭቆ ሳበች፤ ከሜርሎው ቀዳች፣ ከካበርኔው ጨመረች፣ ቀመሰች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከሜርሎው ትንሽ ደገመች።

«ሁለት እጅ በአንድ እጅ» አለች። «ማሩንም እንደዚሁ ነበር የማደርገው።»

ቀመስኩት። ወጥቶለታል።

«እማዬ» አልኳት፤ «ያን ጊዜ ያ ሰውዬ ሲጠይቀኝ "እኔ እንጃ" ያልኩት…»

«አውቃለሁ» አለች።

«ንጹህ ነበር።»

ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወደ ጠርሙሶቹ በአገጯ ጠቆመችኝ።

«ለአክስትህም ቅዳላት። ልኩን እንዳትስት፤ ሁለት በአንድ።»